«ፓርደን» ማለት ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝኛ ለይቅርታ ብዙ ቃል አለው። ፎርጊቭ፣ ፓርደን፣ ኤክስኪዩዝ፣ ሶሪ፣ አምነስቲ፣ አብሶልቭ እያለ ይቀጥላል። እኛ ዘንድ ግን «ይቅርታ» አብዛኛውን ቦታ ብቻዋን ትሸፍነዋለች። መንገድ ላይ ሰው ስንገፋም ይቅርታ፣ ተጣልተን ስንታረቅም ይቅርታ፣ እስረኛ ሲፈታም ይቅርታ። ስለዚህ ዜና ላይ «ፕሬዚዳንቱ ለእገሌ ፓርደን ሰጡ» ሲባል ብዙ ሰው ፕሬዚዳንቱ ሰውየውን ከልባቸው ይቅር እንዳሉት፣ ወይም ከመጀመሪያውም ጥፋት እንዳልነበረ እንደመሰከሩ አድርጎ ይረዳዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። በእንግሊዝኛ በሚሠራ ፍርድ ቤትና ኢሚግሬሽን ደጅ ለሚቆም ወገን ደግሞ ይህን አለመለየት ብዙ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ለዚህ ነው በዝርዝር ልጽፈው የፈለግኩት። (ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፓርደን ባጭሩ ምንድን ነው?

የመቅጣት ሥልጣን ያለው አካል ቅጣቱን ሲተው ማለት ነው። ንጉሥ ሊሆን ይችላል፣ ፕሬዚዳንት ሊሆን ይችላል፣ አሜሪካ ውስጥ የአንድ ስቴት ገዢም ሊሆን ይችላል። ከዚህ የወረደ ቀለል ያለ ትርጉምም አለው። ሳናስበው ሰው ስንነካ ወይም የተባለውን ሳንሰማ ስንቀር የምንለው የአክብሮት «ይቅርታ» ነው። ሐሳቡ ግን ከሥር አንድ ነው። ልትቀጣኝ ወይም ልትቀየመኝ ትችላለህ፣ መብትህ ነው፣ እባክህ ተወው እንደማለት ነው። ፓርደን ሁልጊዜ የሚመጣው መተው ከሚችለው ወገን ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ከታች ያለው ሁሉ ከእሷ ነው የሚወጣው።

ቃሉ ከየት መጣ?

ከላቲን። «ፐር» ማለት ሙሉ በሙሉ፣ እስከ ጥጉ ማለት ነው። «ዶናሬ» ደግሞ በስጦታ መስጠት። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ፐርዶናሬ» ይሆናሉ፣ ምንም ሳያስቀሩ መስጠት ማለት ነው። ኤንጂኦ ውስጥ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው «ዶነር» የሚለው ቃል የዚሁ የዶናሬ ዘመድ ነው። «ዶኔሽን»ም እንደዚሁ። ስለዚህ ፓርደን ከሥሩ ስጦታ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን ከፍሎ የሚያገኘው ነገር ሳይሆን፣ ሳይከፍል የሚሰጠው ነገር ነው።

የሚገርመው፣ የጥንቶቹ የሮም ጸሐፊዎች ይቅር ማለትን በዚህ ቃል አይጽፉም ነበር። የነሱ የተለመደ ቃል «ኢግኖስኬሬ» ነበር። በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ፣ አባታችን ሆይ በሚለው ጸሎት ውስጥ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለውም «ዲሚቴ» ነው፣ ልቀቅልን እንደማለት። ፐርዶናሬ በይቅርታ ትርጉሙ የኋለኛው ዘመን ላቲን ነው። ላቲን ወደ ልጆቹ ቋንቋዎች ሲከፋፈል ብዙዎቹ ይዘውት ሄዱ። ጣሊያንኛው ፐርዶኖ አለ፣ ስፓኒሹ ፐርዶን፣ ፈረንሳይኛው ፓርዶን።

እንግሊዝ የደረሰው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። በ1066 የኖርማንዲው ዊሊያም እንግሊዝን ከያዘ በኋላ ቤተ መንግሥቱም ችሎቱም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነ። ገበሬው እንግሊዝኛውን ይዞ ቀረ። ፓርደን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ መታየት የጀመረው በ1300 አካባቢ ነው። ቃሉ እስከ ዛሬ የመንግሥትና የችሎት ጠረን ያለው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። የገዢዎቹ ቋንቋ ነበር፣ ከገዢዎቹ ጋርም መጣ።

ፎርጊቭስ? እሱ ምንድን ነው?

ፎርጊቭ የአገሬው ቃል ነው፣ ከጥንታዊ እንግሊዝኛ። መጀመሪያ «ፎርጊየፋን» ነበር። ውስጡን ብታዩት «ጊቭ» አለበት፣ መስጠት። ያኔ ቃሉ በቀጥታ መስጠት፣ መለገስ የሚል ትርጉምም ነበረው። ጀርመንኛም «ፈርጌበን» ይላል፣ «ጌበን» መስጠት ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ብዙዎቹ የሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ክርስትናን ሲቀበሉ የላቲኑን ፐርዶናሬ ቁርጥራጩን እያዩ በራሳቸው ቋንቋ እንደገና ሠሩት ይላሉ። ማለትም ፓርደንና ፎርጊቭ በደም ባይዛመዱም አንዱ የሌላው ቅጂ ሊሆን ይችላል።

የኛው «ይቅር» ግን በሌላ መንገድ ነው የመጣው። «ቀረ» ከሚለው ነው። ይቅር፣ እዚያው ይቅር፣ አይከተለን። የምንሰጠው ነገር የለም፣ የምንተወው ነው ያለው። ሁለቱም ቆንጆ ናቸው፣ እኔ አንዱን ከአንዱ አላበላልጥም።

ታዲያ በአጠቃቀም ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ፎርጊቭ የልብ ነው፣ ፓርደን የሥልጣን ነው። ልጇን ሰክሮ የሚነዳ ሰው የገደለባት እናት ሰውየውን ፎርጊቭ ልታደርገው ትችላለች፣ ፓርደን ልታደርገው ግን አትችልም። ሥልጣኑ የላትም። የስቴቱ ገዢ ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ፓርደን ሊሰጠው ይችላል፣ በእናትየው ስም ግን ፎርጊቭ ማድረግ አይችልም፣ ማንም ያንን መብት አልሰጠውምና። ሰዎች ይህንን ሲያደባልቁ በጣም የሚያስቸግር ነገር ይፈጠራል፣ መንግሥት አንድን ሰው ስለፈታ ብቻ የተበደለው ቤተሰብ «አሁንማ አለቀ፣ ምን ትፈልጋላችሁ» ይባላል። ለተበደለው ምንም አላለቀም። የተበዳዩ ልብ ሳይጠየቅ ነው የእስር ቤቱ በር የተከፈተው።

ሰው ይቅር ሲል ስሜቱ ይለወጣል፣ ወይም ቢያንስ ለመለወጥ ይወስናል። ፓርደን የሚሰጥ ባለሥልጣን ግን ሰውየውን አፍንጫህን ላስ እያለም ሊፈርምለት ይችላል። ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው።

አምነስቲና ፓርደን አንድ ናቸው?

አይደሉም። እዚህ ላይ አማርኛም በሕግ ቋንቋው ጥሩ አድርጎ ለይቷቸዋል። ፓርደን ይቅርታ ነው፣ አምነስቲ ደግሞ ምሕረት።

በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 229 ስለ ይቅርታ፣ አንቀጽ 230 ስለ ምሕረት ነው። ይቅርታ ሲደረግ ቅጣቱ ይቀራል ወይም ይቀላል፣ ጥፋተኝነቱ ግን መዝገብ ላይ ይቆያል። ምሕረት ሲደረግ ጥፋተኝነቱ ራሱ እንዳልነበረ ይቆጠራል፣ ከመዝገብም ይሰረዛል። ይቅርታ ብዙውን ጊዜ ለተፈረደበት ለእገሌ ወይም ለእገሊት በስም የሚሰጥ ነው። ምሕረት በሕግ የሚታወጅና አንድን የወንጀል ዓይነት ወይም አንድን ወገን በጅምላ የሚመለከት ነው፣ ገና ያልተከሰሰውንም ይጨምራል። በ2010 ዓ.ም. በፖለቲካ የታሰሩና የተሰደዱ ብዙ ሰዎች የተመለሱበት አዋጅ ቁጥር 1096 የምሕረት አዋጅ የተባለውም ለዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 28 ላይ ሁለቱን ቃላት ለየብቻ ይጠራቸዋል፦ በሰው ልጆች ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች በምሕረትም በይቅርታም አይታለፉም ይላል። የሞት ፍርድ ግን ወደ ዕድሜ ልክ ሊለወጥ ይችላል። በ2003 ዓ.ም. ለደርግ ባለሥልጣናት የተደረገው ይኸው ነው። ይህ ሦስተኛ ነገር ነው፣ እንግሊዝኛው «ኮሚዩቴሽን» ይለዋል፣ ቅጣት ማቅለል።

የአምነስቲ አመጣጥ ደግሞ ለብቻው ሊወራለት የሚገባ ነው። ግሪክ ነው፣ መርሳት ማለት ነው። «አምኔዥያ» የሚለው የሕክምና ቃል፣ ትዝታ መጥፋት፣ ወንድሙ ነው። በ403 ዓመተ ዓለም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ አቴናውያን ሠላሳ ጨካኝ ገዢዎችን ጥለው ዴሞክራሲያቸውን መለሱ። ከዚያ የበቀል ዘመን ይጀመራል ሲባል፣ ያለፈውን ክፉ ነገር ላናነሳ ብለው ማሉ። ሠላሳዎቹ ራሳቸው ከመሐላው ውጭ ነበሩ። ረሱት ማለት አይደለም፣ ጸሐፊዎቻቸው ሁሉንም ጽፈውታል። በችሎት ላናነሳው ነው ያሉት።

አሜሪካ ያላችሁ አምነስቲ የሚለውን የምትሰሙት ከወረቀት ጋር ተያይዞ ነው። በ1986 በሬገን ዘመን የወጣው ሕግ ከ2 ሚሊዮን በላይ ወረቀት አልባ ሰዎችን ሕጋዊ አድርጓል፣ ሁሉም ሰው አምነስቲ ነው የሚለው። ሳዑዲ በ2017፣ ኤምሬቶች ደግሞ በ2018ና በ2024 ያወጡት የምሕረት ጊዜም የዚሁ ዓይነት ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ያለፈበት ሰው ቅጣት ሳይከፍል እንዲወጣ፣ ኤምሬቶች ላይ ደግሞ ወረቀቱን እንዲያስተካክልም ዕድል ሰጠው። እነዚህን ማንም ፓርደን አይላቸውም። ለአንድ ሰው ሳይሆን መስፈርቱን ለሚያሟላ ሁሉ ናቸውና።

ፓርደን የተሰጠው ሰው ንጹሕ ነው ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ይኸ ነው፣ መልሱም ሰውን ያናድዳል። አይደለም። እንዲያውም አንዳንዴ ተቃራኒው ነው።

በ1915 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ጋዜጠኛ ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጠ። ጆርጅ በርዲክ ይባላል፣ የኒውዮርክ ትሪቢዩን አዘጋጅ ነበር። ምንጭህን ንገረን ሲባል ራሴን እንዳልወነጅል መብቴ ነው ብሎ ዝም አለ። ፕሬዚዳንት ዊልሰን ታዲያ ፓርደን ላኩለት፣ አሁን የምትወነጀልበት ነገር የለም፣ ተናገር ለማለት። አልቀበልም አለ። ፍርድ ቤቱም እውነቱን ነው አለ። ፓርደን ጥፋተኛ ነህ የሚል ነገር በውስጡ አለ፣ መቀበሉም እንደማመን ነው ብሎ ጻፈ። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ መስከረም 8 ቀን 1974 ከሳቸው በፊት ፕሬዚዳንት ለነበረው ለኒክሰን ፓርደን ከሰጡ በኋላ የዚህን ውሳኔ ቁራጭ በኪስ ቦርሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር። ለምን ፈታኸው ለሚላቸው ሰው እሱን ያሳዩ ነበር፦ ተቀብሏል፣ መቀበሉ ማመኑ ነው። ኒክሰን ግን ተከሶም ተፈርዶበትም አያውቅም። የአሜሪካ ሕግ ወንጀሉ ከተፈጸመ በኋላ ክስ ሳይመሠረትም ፓርደን ይፈቅዳል።

በእኔ እይታ የዚህ ቃል ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው ያለው። መንግሥት ራሱ ሲያጠፋስ? አላን ቱሪንግን አስቡት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክት ከፈቱት ዋነኞቹ አንዱ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ አባት የሚባለው ሰው ነው። በ1952 ከወንድ ጋር ግንኙነት አድርገሃል ተብሎ ተፈረደበት። በ1954 ሞተ። በ2009 ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን በመንግሥት ስም አዝነናል አሉ፣ በ2013 በገና ዋዜማ ንግሥቲቱ ፓርደን ሰጡት። በ2017 ደግሞ በዚያው ሕግ ለተቀጡ ለሌሎች በሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች ፓርደኑ ተስፋፋ። በሕይወት ካሉት መካከል ግን አንፈልግም ያሉ ነበሩ። ፓርደን ለአጥፊ ነው የሚሰጠው፣ እኛ ምን አጠፋን? መንግሥት ነው እኛን ይቅርታ መጠየቅ ያለበት አሉ። ስለ ሕጉ ማንም የፈለገውን ሐሳብ ይያዝ፣ ስለ ቃሉ ግን ልክ ናቸው። ፓርደኑን ሰጪው መንግሥት ተበዳይ መስሎ ይታያል።

ተመሳሳይ ነገር በአንደኛው የዓለም ጦርነት በገዛ ጦራቸው በተረሸኑ የእንግሊዝ ወታደሮችም ላይ ነበር። 306 ናቸው፣ ከግንባር ሸሽታችኋል፣ ፈርታችኋል እየተባሉ የተገደሉ። ብዙዎቹ በመድፍ ድምፅ አእምሯቸው የተናጋ ልጆች ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው ለዓመታት ታገሉና በ2006 በወጣ ሕግ ፓርደን ተሰጣቸው። ሕጉ ላይ ግን ፓርደኑ የተፈረደውን ፍርድ አይሽርም ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ነው ፓርደን። ስማቸው በክብር ተነሣ፣ ፍርዱ ግን መዝገብ ላይ አለ።

ፓርደንን እምቢ ማለት ይቻላል?

አሜሪካ ውስጥ አዎ፣ በአብዛኛው። የበርዲክን አይተናል። ከሱ በፊት በ1833 የጆርጅ ዊልሰን ጉዳይ ነበር፣ ፖስታ ዘርፎ ሞት የተፈረደበት ሰው ነው። ፕሬዚዳንት ጃክሰን ፓርደን ሰጡት፣ እሱ ግን በፍርድ ቤት ልጠቀምበት አልፈልግም አለ። ዋና ዳኛው ማርሻል ፓርደን እንደ ሰነድ ነው፣ ለተሰጠው ሰው ካልደረሰና እሱም ካልተቀበለው አይሠራም ብለው ጻፉ።

ይህ ታሪክ በስብከት በጣም ይነገራል፣ ምናልባት ሰምታችሁት ይሆናል፦ ይቅርታውን አልቀበልም አለና ተሰቀለ ይባላል። አልተሰቀለም። የጃክሰን ወረቀት የሞት ፍርዱን አስቀርቶለት ነበር። ክርክሩ በዚያው ዘረፋ በቀረበበት ሌላ ክስ ላይ ነው የነበረው። ስብከቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ታሪኩ ግን እንደዚያ አልሆነም፣ በሰው ፊት የምትናገሩ ብታስተካክሉት ደስ ይለኛል።

ቅጣት ማቅለል ግን ሌላ ነው። በ1927 ፍርድ ቤቱ ከሞት ወደ ዕድሜ ልክ የተቀየረለት ሰው ፈቃዱ አያስፈልግም አለ። አልቀበልም ብሎ ሞትን መምረጥ አይቻልም።

አንዴ የተሰጠ ይነጠቃል?

አሜሪካ ውስጥ ለሰውየው ከደረሰ በኋላ አይነጠቅም። ሳይደርስ ግን ሊቀር ይችላል። በታኅሣሥ 2008 ፕሬዚዳንት ቡሽ ካስታወቁት ፓርደን አንዱን በማግሥቱ መልሰውታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተነጠቀበትን ጊዜ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ብርቱካን ሚደቅሳ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ከታሰሩት የተቃዋሚ መሪዎች ጋር በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈታ ነበር። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ይቅርታውን ስለመጠየቋ በተናገረችው የተነሳ ይቅርታው ተሽሮ የዕድሜ ልክ ፍርዱ ተመለሰባት። በመስከረም 2003 ዓ.ም. እንደገና በይቅርታ ተፈታች። ያ ሁሉ ክርክር የተነሣው «ጠይቄአለሁ ወይስ አልጠየቅኩም፣ ምን ማለትስ ነበር የፈረምኩት» በሚል ነበር። ይቅርታ መጠየቅና ይቅርታ ማግኘት በአንድ ቃል ሲጠሩ እንዲህ ዓይነት ፊርማ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚያ መረዳት ይቻላል።

አሜሪካ ነው የምኖረው፣ ዜግነት የለኝም። ፓርደን ካገኘሁ ዲፖርት አልደረግም ማለት ነው?

ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አንዳንዴ ያድናል፣ አንዳንዴ ምንም አይጠቅምም።

መጀመሪያ ማን ነው የሚሰጠው? ፕሬዚዳንቱ የፌዴራል ወንጀልን ብቻ ነው የሚያነሡት። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ፍርድ ቤት የተፈረደ ነገር የየስቴቱ ገዢ ጉዳይ ነው። ጆርጂያ ላይ ገዢው ሳይሆን ራሱን የቻለ ቦርድ ነው። ዲሲ ደግሞ ስቴት ስላልሆነ የዲሲ ወንጀልም ወደ ፕሬዚዳንቱ ነው የሚሄደው። የፌዴራሉ ማመልከቻ በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ላለው የፓርደን ጠበቃ ቢሮ ነው የሚገባው። ክፍያ የለውም። በተለመደው አሠራር ከእስር ከወጡ፣ ወይም እስር ካልነበረ ከተፈረደ፣ 5 ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል። ገንዘብ አምጣና አስፈጽምልሃለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹ።

የኢሚግሬሽን ሕጉ ከፕሬዚዳንት ወይም ከስቴት ገዢ የተሰጠ ሙሉና ቅድመ ሁኔታ የሌለበት ፓርደን አንዳንድ የማባረሪያ ምክንያቶችን እንደሚያነሣ ይናገራል። ማታለልና ስርቆትን የመሳሰሉ፣ ሕጉ ከግብረ ገብ ጋር አያይዞ የሚያያቸው ወንጀሎች፣ እንዲሁም «አግራቬትድ ፌሎኒ» የሚባሉት፣ የኢሚግሬሽን ሕጉ ከባድ ብሎ የዘረዘራቸው ወንጀሎች፣ እዚያ ውስጥ አሉ። የአደንዛዥ ዕፅ፣ የጦር መሣሪያና የቤት ውስጥ ጥቃት ወንጀሎች ግን የሉበትም። ገዢው ፈርሞም፣ ሰውየው እንደ ነጻ ሰው ቤቱ ገብቶም፣ ኢሚግሬሽን በዚያው ወንጀል ሊይዘው ይችላል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከረፈደ በኋላ ነው፣ በጣም ያሳዝናል። ስለዚህ የወንጀል ጠበቃ ብቻ አይበቃም፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሩ ምንም ነገር ላይ አትፈርሙ፣ ከአገርም አትውጡ።

ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ። አንዳንድ ማስታወቂያ ላይ «የኢሚግሬሽን ፓርደን» ሲባል ትሰማላችሁ። እሱ ዌቨር ነው፣ የሚከለክለው ሕግ እንዲታለፍልህ ማመልከቻ ሞልቶ ክፍያ ከፍሎ የሚጠየቅ። ከዚህ ገጽ ፓርደን ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚያገናኘው።

ቃሉ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ምን ያገናኘዋል?

ብዙ። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ «ፓርደን» ሲባል ሕዝቡ የሚያስበው ኢንደልጀንስን ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን በንስሐ ላይ ያለውን ቅጣት የምታቀልበትን ወረቀት። በትምህርቱ መሠረት ኃጢአቱን ራሱን የሚያስወግደው ንስሐና ኑዛዜ ነው፣ ወረቀቱ የሚያነሣው ቀሪውን ቅጣት ነው። ከንጉሡ ፓርደን ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አያችሁ? ወረቀቱን ይዘው የሚዞሩት ሰዎች «ፓርደነር» ይባሉ ነበር፣ ገንዘብ ስለሚሰበስቡበትም ስማቸው ተበላሸ። ሉተር በ1517 የተነሣው በዚሁ ንግድ ላይ ነው። ጳጳስ ፒዮስ አምስተኛ በ1567 በገንዘብ የሚሰጠውን ሻሩት።

በፈረንሳይ ብሪታኒ ውስጥ ደግሞ «ፓርዶን» የሚባል የቅዱሳን ዓመታዊ በዓል እስከ ዛሬ አለ። ሕዝቡ በባህል ልብሱ ሆኖ ባንዲራና ምስል ይዞ ይዞራል፣ ከእኛ የንግሥ በዓል ጋር የሚመሳሰል ነው።

በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ፓርደን የሚለው ቃል በብሉይ ኪዳን ብቻ ነው ያለው። ኢሳይያስ 55፥7ን ተመልከቱ፣ የኛው «ይቅርታውም ብዙ ነውና» የሚለው ላይ ነው። ሐዲስ ኪዳን ላይ ፎርጊቭ ነው የሚለው።

አብሶልቭ የሚለውን ለማታውቁ፣ እሱ መፍታት ማለት ነው፣ ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሲል የሚለው በትክክል እሱን ነው። ላቲኑም ግእዙም ኃጢአትን እንደ ማሰሪያ ነው ያዩት።

ሰው ያለውን ሳልሰማ «ፓርደን?» ብል ነውር አለው?

የለውም። በዓለም ላይ በሙሉ ይገባቸዋል፣ ቱርኮች ጭምር በቋንቋቸው ፓርዶን ይላሉ። እንግሊዝ አገር ብቻ አንድ የቆየ የመደብ ጉዳይ አለ። በ1954 አላን ሮስ የተባለ የቋንቋ ምሁር «ፓርደን» የላይኛው መደብ የማይለው ቃል ነው ብሎ ጻፈ፣ እነሱ «ዋት?» ነው የሚሉት። እንግዳ ሰው ግን በዚህ አይጨነቅ። ከዚያ ይልቅ ድምፃችሁን ተጠንቀቁ። «አይ ቤግ ዮር ፓርደን» መጨረሻውን ከፍ አድርጋችሁ ስትሉት «እባክዎ ይድገሙልኝ» ነው። መጨረሻውን ጫን አድርጋችሁ ወደ ታች ስትሉት ግን «ምን አልከኝ አንተ?» ይሆናል፣ ጠብ ነው።

ሶሪስ ከየት መጣ?

ሶሪ ከሕመም ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ሳር» ሕመም ወይም ቁስል ነበር፣ «ሳሪግ» ደግሞ የታመመ፣ ያዘነ። ዛሬ «ሶር» ከሚሉት ቁስል ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ሶሪ ሲሉ በቀጥታ ምንም አልጠየቁም፣ አመመኝ ነው ያሉት። ለሐዘንተኛም «አይ አም ሶሪ» የሚሉት ለዚህ ነው፣ ጥፋተኛ ነኝ ማለታቸው አይደለም።

የበደልኩት ጓደኛ አለ፣ አማርኛ አይችልም። በእንግሊዝኛ ልጽፍለት እፈልጋለሁ፣ የትኛውን ቃል ልጠቀም?

ፓርደንን ተወው። ለጓደኛ ሲጻፍ ወይ ቀዝቃዛ ነው፣ ወይ የድሮ ልብ ወለድ ይመስላል። መጀመሪያ «አይ አም ሶሪ» በል፣ ቀጥሎ ያደረግከውን በስሙ ጥራ፣ «የሆነው ነገር» እያልክ አታድበስብሰው። «ኢፍ አይ ኸርት ዩ» ብለህ «ከጎዳሁህ» አትበል፣ ጎድተኸዋል። ምክንያት አትደርድር፣ ካስፈለገ ሲጠይቅህ ትነግረዋለህ። ከዚያ «ፕሊዝ ፎርጊቭ ሚ» ብለህ ጨርስ፣ ወይም ጊዜ እንዲወስድ ከፈለግክ «አይ ሆፕ ዩ ካን ፎርጊቭ ሚ» በል፣ ይህኛው ለመልስ አያጣድፈውም። ልከህ ከጨረስክ በኋላ በማግሥቱ «አየኸው?» ብለህ አትጻፍለት።